ለዓለማየሁ ያሸተትሁለት ዓሣ

ውድ ወንድሜ ዓለማየሁ፣

ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤትህ ሦስት ጊዜ መጥቼ፣ ሳልህን ከውስጥ እየሰማሁ ሳይከፈትልኝ በመመለሴ አልተቀየምሁህም፤ ቅያሜ ለአንተ እንጂ ለእኔ አይገባምና፣ አንደበቴ የፈራውን በብዕር ልናዘዝልህ ተቀምጫለሁ።

በሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ወጥ ቤቶች ሃያ ዓመት ሠርተህ ሐይቅ ዳር ወደ ከፈትኋት ምግብ ቤት ስትመጣ፣ ይዘኸው የመጣኸው ጥበብ እጅግ አጭር ነበር፤ ማለዳ የተቀጠፈ ቲማቲም፣ ጥቂት በሶብላ፣ የወይራ ዘይት፣ ሎሚ፣ ጨው፣ በዕለቱ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ። “የእኛ ሙያ እግዜር የሠራውን አለማበላሸት ነው” ትል ነበር። ማዕበል ጀልባዎቹን ባገደ ቀን “ዛሬ ዓሣ የለም” ብለህ እንግዳ ስትመልስ ግን በልቤ እረግምህ ነበር።

ያ ክፉ ጉንፋን ማሽተትን ከነጠቀህ በኋላ ምስጢርህን ለእኔ ብቻ ገለጥህልኝ፤ “ደረሰ፣ አፍንጫ ሁነኝ” ብለህ። በየማለዳው ዓሣውን እያገላበጥሁ አሸተትሁልህ።

ለደንበኛችን ለሄራን ሠርግ ሰማንያ እንግዳ በተጠራበት ሰሞን ነፋሱ ሦስት ቀን አላባራ አለ። እኔም ጭንቅላትና ቆዳው የተነሣ፣ ሳምንት በበረዶ የሰነበተ ዓሣ በስውር አስመጣሁ።

“እንዴት ነው?” አልኸኝ።

“ኧረ ሐይቅ ሐይቅ ይላል!”

“እንግዲያስ ቅመም አናብዛበት” ብለህ ሳቅህ።

ከታዳሚዎቹ አንዷ፣ ዓሣ ነጋዴዋ ኑሪያ፣ ገና እንደ ጎረሰች ሳህኑን ገፋችው። “ጋሼ ዓለማየሁ፣ ይሄ ዓሣ እኮ ሐይቁን ከረሳ ሳምንቱ ነው!”

“ሼፉ አርጅቷል በሉኛ!” አለ ሌላው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አንተ ዓሣውን አላየህም፤ እኔን አየህ። አንዲት ቃል ብትናገር ራቁቴን እቀር ነበር። አንተ ግን ሽርጥህን ፈትተህ፣ አጥፈህ አስቀምጠህ ስትወጣ፣ እኔ ወደ እንግዶቹ ዞሬ “እውነት ነው፣ ደክሟል፤ ይቅርታ አድርጉልን” አልሁ። ከዓሣው ይልቅ የከረፋው ይህ ቃሌ ነው።

እስከዚህ የጻፍሁትን ወደ አንተ ከመላኬ በፊት ስምህ መሳለቂያ ወደ ሆነበት ወደ ዓሣ ገበያው ወስጄ ለኑሪያ ሰጠኋት፤ በአጥማጆቹ ፊት ጮኻ አነበበችው። ስታበቃ አጥፋ መለሰችልኝና “ጋሼ ደረሰ፣ ከዛሬ ወዲህ እዚህ ዓሣ የሚሸጥልዎት የለም” አለችኝ። እኔም ፍርዷን ተቀብዬ ተመለስሁ።

ምሕረት አልለምንህም። በገበያው ስታልፍ ግን ቀና ብለህ እለፍ።

በአደራህ የነገደው፣
ደረሰ