መሪ ይዘው የተማሩት ሹፌር፦ አቶ ዓለምብርሃን እንግዳሰው (1962–2018 ዓ.ም.)

አቶ ዓለምብርሃን እንግዳሰው ከአባታቸው ከአቶ እንግዳሰው ረታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉአለም በላይ ጥር 13 ቀን 1962 ዓ.ም. በወሎ፣ ኮምቦልቻ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው የከባድ መኪና መካኒክ ስለነበሩ፣ ልጃቸው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የመፍቻ ቁጥር ለይቶ ያውቅ እንደነበር ወ/ሮ ሙሉአለም ሲያጫውቱ ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ኮምቦልቻ ተማሩ። ታሪክና ጂኦግራፊ ይወዱ ነበር፤ ሂሳብና እሳቸው ግን ከጥንትም ዓይንና ናጫ ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በድንገት በማረፋቸው፣ ሦስት ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ትምህርታቸውን አቋርጠው የአውቶቡስ ረዳት ሆኑ። በዓመቱ እመለሳለሁ ብለው ነበር፤ አልሆነላቸውም። መንጃ ፈቃድ አወጡና ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ባለው መስመር ላይ ለብዙ ዓመታት ሕዝብ አመላለሱ።

በዚሁ መስመር ላይ ወ/ሮ ትንሳኤ ወርቅነህ የተባሉ ወጣት መምህርት ለክረምት ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። አቶ ዓለምብርሃን ዓይኔን ከመንገድ ላይ አላነሳሁም ብለው ይምሉ ነበር፤ ባለቤታቸው ግን ጣርማበርን እስክንወጣ ድረስ በመስታወት ሲያዩኝ ነበር ይላሉ። ለማንኛውም ሁለቱ ሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ። ዲቪው የወጣው ለወ/ሮ ትንሳኤ ነው። ስለዚህ አቶ ዓለምብርሃን «እኔ አሜሪካ የገባሁት ከሻንጣዎቹ ጋር ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሚካኤላን ታቅፈው በ1998 ዓ.ም. አትላንታ ደረሱ፤ ስኮትዴልም አፓርታማ ተከራዩ። አቶ ዓለምብርሃን አራት ዓመት ያህል መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል ከነዱ በኋላ በ2002 ዓ.ም. የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆኑ።

በ2004 ዓ.ም. ሎረንስቪል ቤት ለመግዛት ተዋዋሉ። ሚካኤላ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ዓመት ስለነበረ፣ በመሀል ትምህርት ቤት ከምትቀያይር የቤቱ ግዢ ተጠናቆ ክሎዝ እስኪያደርግ እናቷ እቤት ታስተምራት ተባለ። ቤቱ ክሎዝ ለማድረግ ፋሲካ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ሚካኤላ በሁለት ቋንቋ ማንበብ ጀምራ፣ ታናሿ በረከት ደግሞ ማንም ሳያስተምረው ከጎኗ ተቀምጦ ቁጥር ለምዶ ተገኘ። እንግዲህ ይህን ማን ያፈርሰዋል? ለጥቂት ወራት ተብሎ የተከፈተው ትምህርት ቤት አልተዘጋም። አዲስ ተማሪ የሚቀበለው በወሊድ ብቻ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰባት ደረሱ።

ከልጆቹ አንዱ ማንበብ ሲጀምር አባቱ ቅዳሜ ለብቻው ይዘውት እስከ ኮንየርስ ከተማ ይነዱ ነበር። ልጁ በመንገዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ስድስተኛው ልጅ ኢሳያስ ተራው ሲደርስ የፍጥነት ወሰኑን ትቶ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ብቻ እያነበበ ሦስት ቦታ አስቆማቸው።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት የሚያደርሱት ሰው የራሳቸውን ልጆች እቤት ማስቀረታቸው ለጓደኞቻቸው ትልቅ ጨዋታ ነበር። የሥራ ባልደረባቸውና የወሎ ልጅ የሆኑት አቶ ሸፊቅ «ሥጋ ቤት ከፍቶ ቤተሰቡን ሽሮ የሚያበላ አንተን አየሁ» ይሏቸው ነበር። ልጆቹ በየትምህርት ውድድሩ ሲያሸንፉ ደግሞ በዕድሩ የአባትየው ስም «ፕሮፌሰር» ሆነ። አቶ ዓለምብርሃን ስቀው ያልፉታል እንጂ ስሙ ይቆረቁራቸው ነበር። ከልጆቹ አንዱ የሂሳብ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ «እናትህን ጠይቅ፣ እየነዳሁ ነው» ይሉታል። ሶፋ ላይ ተቀምጠውም ቢሆን።

በ2013 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ኩላሊታቸው መሥራት አቆመና እጥበት ጀመሩ። አውቶቡስ ለመንዳት የሚያስፈልገው የጤና ማረጋገጫም አልታደስላቸው አለ። ወ/ሮ ትንሳኤ ሆስፒታል ሥራ ገቡ። አቶ ዓለምብርሃን ቤት ስለሚውሉ የማስተማሩን ነገር እሳቸው እንዳይረከቡ፣ በጆርጂያ ሕግ ልጁን እቤት የሚያስተምር ወላጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ወይም አቻውን ያጠናቀቀ መሆን አለበት። ስለዚህ ሰባቱም ልጆች በነሐሴ ትምህርት ቤት ሊገቡ ሆነ። ነገሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው ስንቱን ልጅ አድርሰዋል። ነገር ግን ከእጥበት ደክመው ሲመለሱ ጭር ያለ ቤት እንደሚጠብቃቸው ሲያስቡ ፈሩ። የቀረችኝን ዕድሜ ከልጆቼ ጋር ልዋል ነበር ጸሎታቸው።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ልጆቹን ሰበሰቡና አሥራ ሁለተኛን እንዳልጨረሱ ነገሯቸው። የመጨረሻዋ ማርያም ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ሶ ባባ፣ አንተ ኢሌቨንዝ ግሬድ ነህ?» አለቻቸው። ሚካኤላም «ኦኬ፣ ከኔ አንድ ክፍል ብቻ ነው የምትበልጠው» አለች። በረከት ሳይጠየቅ «ማትሱን እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ እጁን አወጣ። እንዲህ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ተማሪ ተቀበለ። ግቡም ትምህርት ከመከፈቱ በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አቻ የሆነውን የጂኢዲ ፈተና ማለፍ ነበር።

አስተማሪዎቻቸው አልራሩላቸውም። ስልካቸው ይወሰዳል። «ባባ፣ ፎከስ አድርግ እንጂ! ዜናው የትም አይሄድም» ይባላሉ። እጥበት ላይ ተኝተው እንኳን ሚካኤላ በካርድ የጻፈችላቸውን ቃላት ያጠናሉ። ድርሰታቸውን የምታርመው አራተኛ ልጃቸው ናዲያ ነበረች፤ የመጀመሪያውን አንብባ «ባባ፣ ይሄ እኮ ኤሴይ አይደለም፣ ምርቃት ነው» ብላ መለሰችው። እውነቷን ነው፤ የመጨረሻው አንቀጽ ለአንባቢው ረጅም ዕድሜና ጤና ይመኝ ነበር። ሳይንሱንና ማኅበራዊ ሳይንሱን በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ፤ ድርሰቱም ምርቃቱ ሲቀርለት አለፈ። ሂሳቡን ግን ወደቁ። ደግመው ተፈተኑ፤ ደግመው ወደቁ።

ሁለተኛውን ውጤት የሰሙ ቀን ከመኪናቸው መውረድ አቃታቸው። ቤታቸው ደጃፍ ላይ መሪውን እንደያዙ ተቀመጡ። በረከት መጽሐፉን ይዞ ወጣና ከጎናቸው ገባ። ሊያጽናናቸው አልሞከረም፤ «በቃ እዚሁ እንሥራው» ብሎ አንድ ጥያቄ አነበበላቸው። አቶ ዓለምብርሃን በመስታወቱ ወደፊት እያዩ ጥቂት አሰቡና መለሱ። ሁለተኛውንም መለሱ። ጠረጴዛ ላይ ሲያቀርቡላቸው የሚጠፋባቸው ነገር፣ መሪ ሲይዙ ይገለጥላቸው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሂሳቡ ክፍል በቆመችው መኪና ውስጥ ሆነ። ጎረቤቶች አባትና ልጅ በየቀኑ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቀበቷቸውን አስረው፣ የትም ሳይሄዱ ሲመለሱ እያዩ ምን ነካቸው ሳይሉ አልቀሩም። ነሐሴ ሲገባ ለሦስተኛ ጊዜ ተፈተኑ፤ አለፉም። የፈተናው ክፍል ውስጥ እጃቸውን መሪ እንደያዘ ሰው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርገው እንደነበር ኋላ ላይ ለአቶ ሸፊቅ ነግረዋቸዋል። አቶ ሸፊቅም በደስታ ጠቦት ይዘው መጥተው፣ «ፕሮፌሰር፣ ስምህን ዛሬ ገዛኸው» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት አቶ ዓለምብርሃን የልጆቻቸው አስተማሪ ነበሩ። ክፍሉ የሚጀምረው ድሮ አውቶቡሳቸው በምትነሳበት ሰዓት ነበር፤ የዘገየ ተማሪ ቆሞ ይማራል። ጂኦግራፊን ያስተማሩት በሚያውቁት መንገድ ስለነበር፣ ሎረንስቪል ያደጉ ልጆች ሐርቡን፣ ከሚሴን፣ ሸዋሮቢትንና ደብረ ሲናን በተራ ይደረድራሉ። የሰባቱ ልጆች ሳቅ የማይለየው ቤት ውስጥ እየደከሙም ደስተኛ ሆነው ኖሩ። በ2016 ዓ.ም. ሚካኤላ ከሌሎች እቤት ከተማሩ ልጆች ጋር ስትመረቅ ዲፕሎማዋን የሰጧት አስተማሪዋ ስለሆኑ አባቷ ነበሩ፤ አሁን በዩኒቨርሲቲ ለሂሳብ መምህርነት ትማራለች።

አቶ ዓለምብርሃን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከበዋቸው አርፈዋል። ወላጅ እናታቸውን ወ/ሮ ሙሉአለምን፣ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ትንሳኤን፣ ልጆቻቸውን ሚካኤላን፣ በረከትን፣ ስምዖንን፣ ናዲያን፣ ፍስሐን፣ ኢሳያስንና ማርያምን፣ እንዲሁም ሦስት ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ናፍቆታቸውን አንችለውም።

በማግስቱ ቤተሰቡ ለቀብሩ ዝግጅት ሲሄድ፣ የቀብር አስፈጻሚው ሠራተኛ ለሞት ምስክር ወረቀቱ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ጠየቀች። የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ የትምህርት ደረጃ። እዚህ ላይ ወ/ሮ ትንሳኤ ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። የአሥር ዓመቷ ማርያም ናት ቀና ብላ የመለሰችው፦ «አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ያስተማርነው እኛ ነን።»

ቸሩ እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ዕረፍት ይቀበልልን፤ ተማሪዎቻቸውም አስተማሪዎቻቸውም ለነበሩት ለሰባቱ ልጆች መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።