ሁለተኛው ቅጽ በልብስ ሰፊዋ ቤት

ዱጋሳ ወንድሜ፣ አካም ጅርታ?

ስምንት ዓመት የፈለግነውን የመጽሐፋችንን ሁለተኛ ቅጽ አገኘሁት። ይዤልህ ግን አልመጣም። አትቆጣ፣ መጀመሪያ ስማኝ።

መጽሐፉ ያለው አቦምሳ፣ ሱሃይላ የምትባል ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛ መምህር ከነበሩት አባቷ የቀረላት ነው። የድሮ የእንግሊዝ ተዋንያን ከነልብሳቸው የተሳሉበት ያ የመቶ ሃምሳ ዓመት መጽሐፍ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተዘርግቶ የሞዴል መምረጫ ሆኗል!

እዚያው ቆሜ እያለሁ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች። ጣቷን በምራቋ እያራሰች ገጹን ስትገልጥ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አንዲት የመድረክ ንግሥት ላይ ስትደርስ ቆመችና «እጅጌው እንደዚህ ይሁንልኝ፣ ደረቱ ግን ይሸፈን» አለች። ሱሃይላም ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ትለካት ጀመር።

ሽጪልኝ ልላት አስቤ ተውኩት። የኛ አንደኛ ቅጽ ትዝ አለኝ። በጨርቅ ጠቅልለን ሳጥን ውስጥ ቆልፈንበት፣ እንኳን ሌላ ሰው እኛም ካየነው ዓመት አለፈው። እዚህ ግን ንግሥቲቱ በየሰርጉ ትወጣለች።

ሱሃይላን የቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሽሮቹ ሥዕሎቹን መርጠው ጨርሰዋል፣ የሌላዋን ልብስ መድገም ደግሞ ማንም አትፈልግም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ዘርፉን ሰላም በልልኝ፣ ልጃችሁን ጂጂንም ሳምልኝ። የሳጥኑ ቁልፍ አንተ ጋ ነው፤ አንደኛውን ቅጽ በአቦምሳ መኪና ላክልኝ። መጠቅለያውን አስቀረው፣ እዚህ አያስፈልገውም።

ሰንበታ