የአትክልት ሻጯን አድራሻ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና «ነገ ተመለስ» ማለት ለማይሰለቻቸው ጸሐፊዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከድልድዩ አጠገብ የነበሩትን ትንንሽ የምግብ ሱቆች አንሥተው ቦታውን ለሱፐርማርኬቱ የመኪና ማቆሚያ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ፤ እኛ ቤት መኪና የለም፣ ቢሆንም ቦታው ሰፊ ነው።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. ቲማቲም። ከተነሡት ሱቆች በአንዱ አትክልት ትሸጥ የነበረችው ሴትዮ ከመመዘኗ በፊት መቼ እንደሚበላ ትጠይቅ ነበር፤ ለዛሬ የበሰለውን፣ ለነገ ጠንከር ያለውን፣ ለሰኞ ገና አረንጓዴውን ለይታ ትሰጠን ነበር። በሱፐርማርኬቱ ግን ሁሉም በአንድ ላስቲክ ታሽገው በአንድ ቀን ይበስላሉ፣ በአንድ ቀንም ይበሰብሳሉ። ለአንድነታቸው አድናቆቴን እገልጻለሁ።

፪. ጸጥታ። ባለፈው ሳምንት ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ከአባቴ ሌላ ያናገረችኝ የሱፐርማርኬቱ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ነበረች፤ ያለችኝም «ፌስታል ይፈልጋሉ?» ነው። አንቱ ስላለችኝ ውለታዋን አልረሳም። አባቴም ቢሆን የጠየቀኝ ቁልፉ የት እንዳለ ነው።

፫. እህቴ። ታላቅ እህቴ ከአምስት ወር በፊት ሞታለች። በዚህ እርስዎን አልወቅስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችን ወደዚያች ሴትዮ ሱቅ እንሄድ ነበር፤ እህቴ እያንዳንዱን ድንች እያገላበጠች ስለምትመረምር ሴትዮዋ «ዳኛዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ልትፈርጂ ነው?» ትላት ነበር። በመጨረሻው ቅዳሜ ከሥር አንድ የበሰበሰ ድንች ተገኘና ተጨቃጨቁ፤ እህቴም ለቀልድ «በቃ፣ ከእንግዲህ ሱፐርማርኬት ነኝ» ብላት ወጣች። ሐሙስ አመማት፣ እሑድ ቀበርናት።

ሰፈራችን ራቅ ስለሚል መርዶው ለሴትዮዋ አልደረሳትም። ልነግራት ሁለት ጊዜ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሼ ማንም ምንም ወደማይጠይቅበት ሱፐርማርኬት ገባሁ። በሦስተኛው ደፍሬ ስሄድ የቆርቆሮ አጥር ጠበቀኝ። እንግዲህ እሷ እስከ ዛሬ የምታስበው በአንድ ድንች ምክንያት እንደከዳናት ነው።

የት እንደተዛወረች ለመጠየቅ ወደ ቢሮዎ ብመጣ ጸሐፊዎ «ምኗ ነህ?» አሉኝ። «ደንበኛዋ» ብላቸው ሳቁ፤ ቅጹ ላይ ለዘመድና ለጠበቃ እንጂ ለደንበኛ ቦታ የለም። ሱቋን ሲያነሡ ግን እርስዎን «ምኗ ነዎት?» ያለ ሰው እንዳልነበረ እገምታለሁ። ስለዚህ አድራሻዋ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ሱቅ በሚያነሡበት ፍጥነት ደብዳቤም እንዲያነብቡ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ የምጸልይ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የአትክልት ሻጯ የቀድሞ ደንበኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አድራሻዋ የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ከሆነ፣ ሱቅ ለማፍረስ ከማይጠፉት ሠራተኞችዎ አንዱ ይህችን መልእክት ብቻ ያድርስልኝ፤ ማኅተም አያስፈልጋትም። እህቴ ሱፐርማርኬት አልሄደችም። የቀረውን እኔው እነግራታለሁ።