የሶሩን ቡና ማን ጻፈው?

ጥቅምት 28 ቀን 1926
አምባዬ ነው። ጸሐፊው አምባዬ። ባሌ ወንድይራድ ሲሞት፣ በሶር ወንዝ በኩል ያለውን ቡናችንን ለወንድሙ ለምንዳዬ የሰጠ አስመስሎ የጻፈ እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰላም አላልሁትም። ውሻዬንም በስሙ ጠራሁት... ይጩህ። በስተርጅና ፊደል የቆጠርሁም በሱ ንዴት ነው።
ዛሬ ገበያ ዋልሁ። ዝናብ።

ኅዳር 3
መምህር ገብረ መድኅን የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት ይጠብቃል፤ እኛን ትልልቆቹንም እዚያው ያስተምራል። ዛሬ ንባብ የለም አለ። "ማንበብማ ቻላችሁ። አሁን ጽሑፉን ጠይቁት። ማን ጻፈህ? መቼ? ማን አየ? በሉት።" ሳቅን። ወረቀት ይመልሳል እንዴ?
የአምባዬን ነገር አነሳሁ።
"እትዬ ጥሩአየሁ፣ ጽሑፉን አይተውታል?"
"መች ማንበብ እችል ነበር?"
"ታዲያ አምባዬ ጻፈው ብሎ ማን ነገረዎ?"
"ምንዳዬ።"
"ቡናውን የያዘውስ?"
"ምንዳ..."


ኅዳር 7
የመሬት ስጦታ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፋል። መምህር ወንጌሉን ደጀ ሰላም አውጥቶ ዘረጋልኝ። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። "በ1915 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ወንድይራድ በቃሉ ሰጠ። ጸሐፊ ዳምጤ።" ዳምጤ! የምንዳዬ ሚስት ወንድም!
ደግሞስ ታኅሣሥ ገብርኤል? ወንድይራድ ያረፈው እኮ በዚያው ዓመት ኅዳር ሚካኤል ነው። በገብርኤል ዕለት እኔ ለአርባው ተዝካር ጠላ እጠምቅ ነበር። ሙት በየትኛው ቃሉ ይሰጣል? ሁለቴ አነበብሁት... ሦስቴ።

ኅዳር 12
የወንድይራድ ሙት ዓመት። ከቅዳሴ መልስ አምባዬ ቤት ሄድሁ። አርጅቷል።
"ጋሼ አምባዬ፣ ለምን 'እኔ አይደለሁም' አላሉኝም?"
"መች ጠየቅሽኝ? በሩቁ ስታዪኝ መንገድ ትቀይሪያለሽ። ደግሞ ውሻሽን 'ና አንተ አምባዬ!' ስትዪ ስንት ጊዜ አቤት ብያለሁ መሰለሽ!"
ሳቀ። እኔ አለቀስሁ። ያን ታኅሣሥ ሙሉ ቡሬ ከተማ ነበርሁ አለኝ። ዳኛ ፊት ቆሞ "ይህ የእኔ እጅ ጽሑፍ አይደለም" ሊል ማለልኝ። ሰኞ አብረን እንሄዳለን። ቡናው ይመለስ አይመለስ... እንጃ።
ውሻውን ግን ከእንግዲህ በሰው ስም አልጠራም። በምንዳዬም ቢሆን።