ሁለተኛው ተራ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ

ድዌይን፣
የሥጋና የባቄላ ወጡ፣ ቺሊው፣ ምድጃው ላይ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ውሻዋን ማውጣት እንዳትረሳ።

የማታውን የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ እህቴ ቤት አያለሁ። ብዙ የተሸነፈ ቡድን ቀድሞ ስለሚመርጥ፣ ቡድናችን ሁለተኛ መራጭ የሆነው ዓመቱን ሙሉ ተሸንፎ ነው። እንዲህ ተለፍቶበት የተገኘ ተራ አይለወጥም ባይ ነኝ። አንተ ደግሞ «ለሌላ ቡድን ሰጥተን በሦስት ዝቅ ያሉ ተራዎች እንለውጠው» ብለህ ድርቅ አልክ። ትናንት «ማርሊንን የመሰለች ሚስት በነጻ የለቀቀ ሰው ስለ ልውውጥ ምን ያውቃል?» ያልኩህ ስለ ኳስ ብቻ ነበር።

ጠዋት ማርሊን ደውላ ነበር። «ያ ደረቅ አሁንም ለውጡ ነው የሚለው?» ብላ ሳቀች። ማታ እዚህ መጥታ ምርጫውን ካንተ ጋር ታያለች፤ የጋበዝኳት እኔ ነኝ።

እሷም እንደ እኔ አትለውጡ ባይ ናት።
እባክህን ዛሬ እንኳን ተሸነፍላት።

ቨርነን