የማይወዛወዝ ቁጥር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ ከታከመ ወዲህ ራሷ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች ብለሽ የጻፍሽልኝ እውነት ነው፣ ወይስ እኔን ደስ እንዲለኝ ነው? እኔም እንደ ልማዱ «ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አንቺ «ደህና» የሚለውን ቃል እንኳ ሳትለኪ የምትቀበይ ሰው ስላልሆንሽ ተውኩት። ጤናዬ ደህና ነው። እንጀራዬ ግን ትንሽ ተናግቷል።

ባለፈው ደብዳቤሽ «በሥራ ሰዓት ስደውልልህ ቤት ነው የማገኝህ፤ ምን ደብቀኸኛል?» ብለሻል። የደበቅኩሽ ነገር አለ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

መሥሪያ ቤታችን በሕንፃ ክሬኖች ላይ የሚጫን ፕሮግራም እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ክሬኑ ገመድ ላይ መለኪያ አለ፤ መለኪያው የተንጠለጠለውን ዕቃ ክብደት በሽቦ ይልካል፤ ፕሮግራማችን ቁጥሩን ለኦፕሬተሩ በስክሪን ያሳያል፤ ከሁለት ቶን ካለፈ ይጮኻል፣ ሞተሩንም ቀጥ ያደርገዋል። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ አስጠራኝ። በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ክሬን ያነሳው የፌሮ እስር ከሦስተኛ ፎቅ ከፍታ ወድቆ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ እንደ ወረቀት አጨማዶታል አለኝ። የክሬኑ ፍሬን ሊይዘው አልቻለም። ዕቃ ጠባቂው ውኃ ሊጠጣ ከወጣ አምስት ደቂቃ አልሞላውም ነበርና ሰው አልተጎዳም። አለቃዬ ግን እኔን ከመላኩ በፊት መልሱን ይዞታል። ፕሮግራማችን ክብደቱን በየጊዜው የሚያስቀምጥበት መዝገብ ንጹሕ ነው፣ ኦፕሬተሩ አንድ ነገር ነካክቷል፣ ሂድና ምን እንደነካካ ፈልግ አለኝ።

እኔም ፖሊስ መስዬ ሄድኩ። ኦፕሬተሩ ከብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጧል፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከአደጋው ወዲህ ክሬኑ ላይ እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጣ እዚያው ይውላል። ገና ሰላም ሳልለው ጠረጠርኩት። የመለኪያው ሽቦ ላይ ጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ሳይ ደግሞ ጥርጣሬዬ ሥር ሰደደ። ቃሉ ይለዋወጥ እንደሆነ ብዬ አንዱን ጥያቄ በሦስት መንገድ እያገላበጥኩ ጠየቅኩት። ናስትሮውን የጠቀለለው እሱ ነው፤ ሽቦው ከብረቱ ጋር ሲፋተግ አይቶ። ለፎርማኑም ተናግሯል። «ዓይኔ መንጠቆው ላይ ነው። ሲበዛ ይጮኻል ተብዬ ነው የተማርኩት፤ አልጮኸም» አለኝ። ሦስቴም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ቃሉ ያልተለዋወጠው ስለሸመደደው ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ሰው ሊጠረጥር ከተነሣ እውነቱም ውሸት ሆኖ ይታየዋል፣ እታለም።

የሕንፃው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ደግሞ በተራው እኔን ጠረጠረኝ። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ስለሚውል ሠራተኞቹ «ባለ እርሳሱ» ይሉታል። ቢሮው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ግድግዳው በፕላን ተሸፍኗል፤ መስኮቱ ሥር ቀን የተጻፈባቸው የኮንክሪት ኩቦች ተደርድረዋል፤ ሃያ ስምንት ቀናቸው ሲሞላ በመጭመቂያ ተሰብረው ጥንካሬያቸው የሚታይ። ሙያዬን ጠየቀኝ። የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና የሙያ ፈቃዴን እንዳሳየው ጠየቀኝ። የእኛ ሙያ ፈቃድ የለውም አልኩት።

«ስትሳሳትስ ማን ይጠየቃል?» አለኝ።

መሥሪያ ቤቱ አልኩት። «መሥሪያ ቤት እጅ የለውም። እኔ የጠየቅኩህ የጻፈውን እጅ ነው» አለና ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። በእያንዳንዱ ፕላን ጥግ ላይ የሠራው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው፤ ሦስት ስም፣ ሦስት ፊርማ። ድልድይ የምትሠሪውን አንቺን ያየሁ መሰለኝ፤ «የእናንተ ምሕንድስና ሳይሆን ትየባ ነው» እያልሽ ያበሸቅሽኝ ዘመን ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። እኔም አልተኛሁለትም። ሲሚንቶ ድሮም ሲሚንቶ ነው፣ እኛ የምንሠራበት ነገር ግን በየስድስት ወሩ ይለወጣል፤ እናንተ አንድ ሕንፃ በሦስት ዓመት ትጨርሳላችሁ፣ እኛ በሳምንት ሦስቴ አሻሽለን እንልካለን አልኩት። በመስኮቱ የተጨማደደውን ጣሪያ እያየ «እሱማ ይታያል» አለኝ።

ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣ። የወደቀውን ፌሮ አንድ በአንድ አስቆጥሮታል፤ መቶ አርባ ነው። የአንዱ ፌሮ ክብደት አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ይጠጋል። እዚያው ፊቴ አባዛው፤ ሁለት ቶን ከስድስት መቶ ኪሎ ገደማ መጣ። የእኛ መዝገብ በዚያች ደቂቃ የሚለው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ነው። ካንዳችን ዘንድ ውሸት አለ፣ እኔ ግን ፌሮውን ቆጥሬያለሁ አለኝ። መዝገቡን አትሜ ሰጠሁት። እርሳሱን እያንሸራተተ ወደ ኋላ አነበበው። ከአደጋው በፊት አርባ ደቂቃ ሙሉ ቁጥሩ ያው ነው፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ። በዚያ መሐል ክሬኑ ብሎኬት አንስቷል፣ አሸዋ አውርዷል፣ ባዶ መንጠቆ ይዞ ተመልሷል።

«በገመድ የተንጠለጠለ ነገር እንዲህ አርፎ አይቀመጥም፤ ነፋስም ያወዛውዘዋል። ይህ ክብደት አይደለም፤ የሞተ ቁጥር ነው» አለኝ።

አላመንኩትም ብልሽ እዋሻለሁ። ወዲያው ነው ያመንኩት፤ ያፈርኩትም ለዚህ ነው። ያንን መዝገብ ቢሮ ሳለሁ ሁለቴ አንብቤ ንጹሕ ነው ብዬ ነበር።

ወደ ማረፊያ ክፍሌ ተመልሼ ኮዱን ከፈትኩ። እኛ ዘንድ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳጸደቀው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ልቤ የሄደው ቢሮ ውስጥ «ፈጣኑ» ወደምንለው ባልደረባዬ ነው፤ ሌላው አንድ ሲሠራ እሱ ሦስት የሚያደርስ፣ አለቃችን የሚመካበት ልጅ ነው። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከመለኪያው መልእክት ካልመጣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዘህ ቆይ ይላል መስመሩ። ለምን እንደተጻፈ አውቃለሁ፤ ሽቦው ለዓይን ጥቅሻ ያህል በተቋረጠ ቁጥር ክሬኑ እየቆመ ደንበኞች አማርረው ነበር። ግን እስከ መቼ ይዞ እንደሚቆይ የሚል ነገር የለም። ሽቦው ተፋትጎ ሲበጠስ ፕሮግራማችን ክሬኑ በመጨረሻ ያነሳውን የአንድ ትልቅ ባልዲ ኮንክሪት ክብደት እንደያዘ ቀረ። የጻፈው እንደጠረጠርኩት ፈጣኑ ነው። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ከሥሩ ያለውን የአጽዳቂውን ስም እስካነብ ድረስ። እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት፣ ዓርብ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ተልኮልኛል፤ አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ «አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው» ብዬ መልሻለሁ። ሁለት ደቂቃ።

ለአለቃዬ ደወልኩ። ሲቆጣ የማውቀው ሰው ድምፁ እንደ ቅቤ ለሰለሰ፤ የፈራሁትም ያኔ ነው። ጎበዝ አለኝ። ፈጣኑ ዛሬውኑ ያስተካክለዋል፣ ነገ ለሁሉም ክሬኖች እንልከዋለን፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል አለ። ኦፕሬተሩስ አልኩት። «በጽሑፍ ምንም አታስቀምጥ። ፕሮግራመር አይፈርምም፤ ይሄ የግንብ ሥራ አይደለም» አለኝ።

የሙያችን ልዩነት የገባኝ በዚያች ቀን ነው። አንቺ የሠራሽው ድልድይ ቢሰነጠቅ ስንጥቁን ባለጋሪውም መንገደኛውም ያየዋል፤ በስውር ልትደፍኚው አትችይም። እኛ ግን ስንጥቁን በአንድ ጠዋት ደፍነን፣ ድልድዩ ድሮም ደህና ነበር ብለን እጃችንን እንታጠባለን። የሚቀረው የተፈረደበት ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ጀግና ሆንኩ እንዳይመስልሽ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ለራሴ ሰበብ ስደረድር ዋልኩ፤ ስህተቱ ይታረማል፣ የሞተ የለም፣ ሽቦውንም የፋተግኩት እኔ አይደለሁም እያልኩ። በሦስተኛው ቀን ሳይቱ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ፎርማኑ የኦፕሬተሩን የሙያ ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ በፕላስቲክ የተለበጠች፣ ጠርዟ የተላጠች ካርድ። ባለቤቷ ሽቦውን ነካክቶ ቁጥሩን ገደለው ተብሎ እንድትሰረዝ ልትላክ ነው። ሰውየው ካርዷን እንጂ ማናችንንም አላየም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ከሁለታችን የሚነጠቅ ነገር ያለው እሱ ብቻ ነው። ሙያችን ፈቃድ የሌለው አዲስ ስለሆነ ነው እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን እንዳይኖረን የምንፈልገው እኛው ራሳችን እንሆን እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ።

ተነሥቼ ባለ እርሳሱን ወረቀት ለመንኩት። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ መስመሩ ምን እንደሚል፣ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳጸደቀው። ሙሉ ስሜን ከሥሩ አድርጌ ፈረምኩ። ባለ እርሳሱ ሦስቴ አነበበውና መነጽሩን አውልቆ ማን ልኮኝ እንደሆነ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ስመጣም ጠርጥሮኝ ነበር፤ እውነት ስናገርም አልቀረልኝም። ማንም አልላከኝም አልኩት። «እንግዲያው የመጀመሪያውም ገጽ ላይ ፈርም፤ ገጽ ይቀየራል» አለኝ። ፈረምኩ።

ወረቀቱ እዚያው ተነበበ። ካርዷ ለባለቤቷ ተመለሰች፤ በዘጠነኛው ቀን ኦፕሬተሩ ተመልሶ ክሬኑ ላይ ወጣ። ፕሮግራማችን ያለባቸው ክሬኖች በሙሉ ቆመው እንዲፈተሹ ተደረገ። ከአሥራ ዘጠኙ በሁለቱ ላይ መለኪያው ከሞተ ሰንብቷል፤ ስክሪኑ ግን ቁጥር ያሳያል። ከበታቻቸው ሰው ሲመላለስ ነው የከረመው። ኦፕሬተሩን ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ፤ እንደ ሌባ ስለመረመርኩትም ጭምር። ይቅርታዬን ተቀበለ፤ ስክሪኔን ግን ዳግመኛ እንደማያምነው ነገረኝ።

እኔን ለጊዜው ቤትህ ዕረፍ አሉኝ። ፈጣኑ ስልኬን አያነሳም። ባልደረቦቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው፤ ነገ በእነሱም ላይ የምጽፍ ይመስላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አለቃዬ በዚያው ለስላሳ ድምፁ ደወለ። የጥራት ኃላፊ አድርጌሃለሁ፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በአንተ ፊርማ ይወጣል አለኝ። በቀን ስንት መስመር ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት፤ አላወቀም። ምናልባት ከልቡ ይሆናል። ለእኔ ግን የሚመስለኝ፣ ቀጣዩ ፌሮ የወደቀ ቀን የሚጠራ ስም ከወዲሁ እያዘጋጀ ነው። እሺም እምቢም አላልኩትም።

አንቺ ይኼኔ በልብሽ «ነግሬህ አልነበር?» ትያለሽ። ቆይ፣ አትቸኩይ። የድልድይ ስሌት ዛሬ በእጅ እንደማይሠራ ራስሽ ነግረሽኛል፤ ቁጥር ታስገቢያለሽ፣ ፕሮግራሙ የተሸካሚውን ውፍረት ይሰጥሻል፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ያንን ፕሮግራም ማን ጻፈው? ማን አየው? በስንት ደቂቃ? ፊርማው ያንቺ ነው፤ ከሥሩ ያለው እጅ ግን የእኔው ቢጤ ነው። ስለዚህ ልለምንሽ፤ አሁን የያዝሽውን ድልድይ ዋናውን ተሸካሚ፣ አንዱን ብቻ፣ በወረቀትና በእርሳስ አስዪልኝ። ከገጠመ ሳቂብኝ። ካልገጠመ ግን ከመፈረምሽ በፊት ደውዪልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ቤት መዋሌን ከሰማች ታሞ ነው እንዳትያት፤ እሱን ስትሰማ ጓዟን ጠቅልላ ትመጣለች። ባለቤትሽን ከነሳቁ፣ ከነጨዋታው ናፍቄዋለሁ በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ከሒሳብ አስተማሪዋ ጋር ተከራክራ መጣች ያልሽኝን አንብቤ ኮራሁ፤ ተሳስታም ቢሆን አትቆጪያት። ያንን አኩራፊ ታናሿን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ፊቱን ቢያዞርም በዞረበት በኩል ሳሚው። ጎረቤታችሁን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በያት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየሁት ክፍል፣ ሐሙስ የካቲት 14 ቀን