በእኔ ካርታ የወጣው ውሃ

ወንድም ጋሼ፣ ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ።

አለቃዬ የሠራሁትን የውሃ ጉድጓድ ካርታ ለጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ሲያስረክብ ስሜን ፍቆ የራሱን ጻፈበት። «አንቺ ገና የትናንት ተመራቂ» አለኝ።

«እንግዲያው ውሃው የቱ ጋ ነው?» አልኩት በቆፋሪዎቹ ፊት። ካርታውን ቢያገላብጥም ማንበብ አቃተው። እኔ በጠቆምኩት ቦታ ውሃው ሲፈልቅ ቆፋሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም በስብሼ ጨፈርኩ።

ወሬው ተሰምቶ የውሃ ቢሮ፣ የመንገድ ሥራና የማዕድን ድርጅት ሊቀጥሩኝ ጠሩኝ። «ድንጋይ ተምሮ የት ይደረሳል» ስትል የነበረችው እማዬ አሁን ለጎረቤቱ ሁሉ ትጎርራለች። እኔ አንተ የምትቆፍርበትን የማዕድን ድርጅት መርጫለሁ፤ ሰኞ እመጣለሁ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። የመጨረሻው ደብዳቤህ የእጅ ጽሑፍ ያንተ አለመሆኑን አልነገርኳትም።

እስክንገናኝ ሰላም ሁንልኝ። ከእንግዲህ ግን በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ «ደህና ነኝ» አልቀበልም።

እህትህ